ስለ ምርመራ ታሪክና ስለ ካፋ ምሥጢር

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚሁ ቦንጋ በጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ሳለን፥ አባወራው ከቁም ሣጥን ላይ አንድ መጽሐፍ አንሥተው ከፊታችን አኖሩት። «መምህር፥ ይህን ከልጄ ትራስ ሥር አገኘሁት። ሌሊት በባትሪ ብርሃን ስታነብ ነው የደረስሁባት። እንግሊዝኛው ይከብደኛል፤ ቢሆንም ገዳም እንዳለበት፥ መነኮሳት እንዳሉበት፥ የተቆረጠ የሰው ራስም እንዳለበት ለማወቅ አላቃተኝም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በክርስቲያን ቤት ሊቀመጥ ይገባልን? እርስዎ ድቁናውንም የአስኳላውንም ትምህርት ያውቃሉና ይፍረዱልን» አሉን። ቡናውን የምታቀርበው ልጅቱ ነበረችና ሲኒው በረከቦቱ ላይ ሲንቀጫቀጭ ሰማን።

ባላነበቡት መጽሐፍ ላይ መፍረድ ያልመረመሩትን ሰው እንደ መኰነን ነውና፥ መጽሐፉን ተቀብለን ወደ ቤታችን ይዘን ሄድን፤ መልሱንም በዚህ ገጽ እንጽፈዋለን ብለን ተሰናበትን። በዚህ ነገር የሚጨነቁት እኒህ አባት ብቻ እንዳይደሉ እናውቃለን።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አሳብ እናርም። የወንጀል ምርመራ ታሪክ ከፈረንጅ አገር በመርከብ ተጭኖ የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ዳሩ ግን ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቀበለውን የሶስናን ታሪክ አሳምሮ ያነበበ ሰው ይህን አይልም። ሁለት ሽማግሎች፥ ያውም ለሕዝቡ ፈራጆች ሆነው የተሾሙ፥ ሶስናን ተመኝተው እንቢ ብትላቸው ከጐልማሳ ጋር አገኘናት ብለው በሐሰት መሰከሩባት፤ ሞትም ተፈረደባት። ዳንኤል ግን ሁለቱን ለየብቻ አቁሞ ነገሩን ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩ ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ጠራ፤ ሐሰታቸውም በዚያው ተገለጠ። ቤል ስለሚባለው ጣዖት የተጻፈውም እንዲሁ ነው። ንጉሡ ጣዖቱ በየቀኑ የሚቀርብለትን መብል የሚበላ መስሎት ነበር። ዳንኤል ከበሩ መታተም በፊት በወለሉ ላይ አመድ አስነሰነሰ፤ በማግሥቱ ማኅተሙ እንዳለ ቢገኝም በአመዱ ላይ የወንዶች፥ የሴቶችና የሕፃናት ዱካ ታየ። ካህናቱ ከነቤተ ሰባቸው ከገበታው ሥር ባለው ስውር በር እየገቡ ኖሮ መብሉን የሚጨርሱት እነርሱ ነበሩ። የፈረንጅ አገር የሥነ ጽሑፍ ሰዎችም እነዚህን ሁለቱን ከምርመራ ታሪኮች ሁሉ ቀዳሚዎች አድርገው ይቈጥሯቸዋል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሁለቱም ታሪኮች የሚፈጸሙት በባዕድ አገር፥ በባቢሎን፥ የአባቶች ሃይማኖት በሚፈተንበት ዘመን ነው። በአንደኛው በደለኞቹ የጣዖት ካህናት ናቸው፤ በሌላው ግን የእስራኤል ሽማግሎች፥ የገዛ ወገን ፈራጆች ናቸው። ማን በደለኛ እንደ ሆነ በሃይማኖቱ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። አንባቢ ይህን በልቡ ያኑርልን፤ ወደ ካፋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ከልጅቱ ትራስ ሥር የተገኘው መጽሐፍ እንግሊዛዊው ሲ. ጄ. ሳንሰም እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው «ዲሶሉሽን» የሚባለው ነው፤ ስሙም የገዳማትን መፍረስ ያመለክታል። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ከሮም ተለይቶ ራሱን የአገሩ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ካደረገ በኋላ፥ ከ1536 እስከ 1540 ገዳማቱን ሁሉ ዘግቶ ርስታቸውን ወረሰ። ታሪኩ በ1537 ይጀምራል። ከንጉሡ ታላቅ ሹም ከቶማስ ክሮምዌል ዘንድ ወደ አንድ የባሕር ዳርቻ ገዳም የተላከ ሰው በዚያው ተገድሎ ይገኛል፤ ገዳዩን ፈልጎ እንዲያገኝ ደግሞ ሻርድሌክ የሚባል ጀርባው የጐበጠ የሕግ ሰው ይላካል። ይህ ሰው የአዲሱ ሥርዓት ወገን ነው። ገዳማት የስንፍናና የማታለል ጎሬ ናቸው፥ ቢፈርሱ ለድሃው ይጠቅማል ብሎ በቅን ልብ ያምናል። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ እዚህ አንናገርም፤ ነገሩን ማበላሸት ይሆናልና። ነገር ግን ሻርድሌክ ከገዳዩ የሚከብድ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም ንግሥት አን ቦሊን በ1536 የሞተችበት ክስ በሥቃይ ብዛት ከአንድ ወጣት አፍ የወጣ የሐሰት ቃል እንዳለበትና የዚህም ሥራ እጅ የገዛ ጌታው የክሮምዌል እጅ መሆኑን ነው። የሌላውን ቤት ሊፈትሽ የሄደ ሰው የራሱን ቤት ጉድ ይዞ ተመለሰ።

መጽሐፉን ያለ ነቀፋ አናልፈውም። የደራሲው መነኮሳት አብዛኞቹ ሆዳሞች፥ ፈሪዎች ወይም ግብዞች ናቸው፤ ከእስፓኝ ሙሮች ወገን የተወለደው ባለ መድኃኒቱ ወንድም ጋይ ብቻ ሰው መስሎ ይታያል። በየሌሊቱ ለጸሎት የሚነሡ ሰዎች በልባቸው ምን እንደሚሰማቸው ደራሲው ለማወቅ ብዙ አልደከመም። በዚህ በኩል ጣሊያናዊው ኡምቤርቶ ኤኮ ይሻላል እንላለን። እርሱ በ1980 ያሳተመው «የጽጌረዳ ስም» በ1327 በአንድ የጣሊያን ገዳም ውስጥ ስለ ደረሰ ተከታታይ ሞት ይተርካል፤ ዘመኑም ፍራንሲስካውያን መነኮሳት ስለ ክርስቶስ ድህነት ከሮማው ፓፓ ጋር የተጣሉበት ነው። ኤኮ የመነኮሳቱን ሙግት ከልቡ ያውቀዋል፤ አንዳንድ ጊዜ እንዲያውም ከመጠን በላይ ያውቀዋልና ገጹን መግፋት ያታክታል። ሁለቱም መጻሕፍት ለሕፃናት አይደሉም። ለትልቅ ተማሪ ግን፥ ያውም አባቷ ከማን ጋር እንደምታነብ ካወቀ፥ እንፈቅዳለን።

«ይህ የእነርሱ ታሪክ ነው፤ ለእኛ ምን ይሆነናል?» የሚለን ቢኖር፥ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ሆኖ የሚቈጠረው መጽሐፍ የተነሣው በዚሁ ዓይነት ዘመን ላይ ነው ብለን እንመልሳለን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ክርስቲያኖች በአረማዊ ንጉሥ ስለ ተወጉበት ጊዜ የሚናገር ነው። ጦቢያ በወንድ ልብስ ማንነቷን ሸሽጋ ትሄዳለች፤ መንታ ወንድሟ ዋሕድ ጠፍቶ ይፈለጋል፤ በመጨረሻውም ያ አረማዊ ንጉሥ ይጠመቃል፥ ጦቢያንም ያገባል። የጠፋ ሰው አለበት፥ የተሰወረ ማንነት አለበት፥ ፍለጋ አለበት። የጐደለው መርማሪ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ደራሲዎቻችን ብዙ መልካም መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ዳሩ ግን የግራኝን ዘመን፥ ወይም ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት አውጀው አባትና ልጅ የተፋረዱበትን ዘመን፥ በመርማሪ ዐይን የሚያሳየን እስካሁን እንጠብቃለን።

እኛ ግን የምንኖረው በካፋ ነውና ከሁሉ የሚያስደንቀን በእጃችን ያለው ምሥጢር ነው።

የካፋ መንግሥት በጎጀብና በኦሞ ወንዞች፥ በጥቅጥቅ ደን፥ በተቆፈረ ጥልቅ ቦይና በኬላ የታጠረ ነበር። ታቶ የሚባለው ንጉሥና ሚክሬቾ የሚባሉት አማካሪዎቹ ካልፈቀዱ በቀር እንግዳ አይገባም ነበር። ታሪኩም በብራና አልተጻፈም፤ በሰው አፍ ብቻ ይኖር ነበር። የምርመራ ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ከሁሉ አብልጠው የሚደሰቱት በሩ ከውስጥ በተቈለፈ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ጠፍቶ ሲገኝ ነው ይባላል። እነሆ የተቈለፈ አገር።

የጠፋው ምንድር ነው? ካህኑ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በነገሡበት በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከጎጀብ ወዲያ ያለው የእናርያ ገዥ ባዳንቾ በ1580 ዓ.ም. ገደማ ተጠመቀ፤ ክርስትናም በዚህ አቅጣጫ ተስፋፋ። የካፋም ትውፊት የክርስትናውን መግባት በዚያው መቶ ዓመት ያኖረዋል፤ አማሮ የሚባለው ጎሣም በዚያ ጊዜ ከሰሜን ከመጡት የተወለደ እንደ ሆነ ይነገራል። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ እናርያ በሊሙ ኦሮሞ እጅ ሲወድቅ፥ ከእናርያ ሰዎች ብዙዎቹ ጎጀብን ተሻግረው ወደ ካፋ ሸሹ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ።

ድቁና የተማረ ሰው ከዚህ ላይ ሲደርስ ልቡ ይቆማል። ያለ ጳጳስ ቄስ አይሾምም፤ ያለ ቄስ ቅዳሴ የለም፥ ሥጋ ወደሙም የለም። ለኢትዮጵያ ሁሉ በዚያ ዘመን የነበረው አንድ ጳጳስ ነው፤ እርሱም ከግብፅ የሚመጣና በጐንደር የሚቀመጥ ነበር። ከካፋ ተነሥቶ ጐንደር መድረስ በሰላሙም ጊዜ የወራት መንገድ ነው። እንግዲህ በካፋ ደን ውስጥ የነበረው የመጨረሻው ቄስ አንድ ቀን ሞቶአል። ማን ነበር? በስንት ዓመቱ ሞተ? ሲሞት መጽሐፉን ለማን ሰጠ? የሰጠውስ ሰው ማንበብ ይችል ኖሮአልን? በማግሥቱ እሑድ ሕዝቡ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መጥቶ ምን አደረገ? ሰይፍ ያልተመዘዘበት፥ ደም ያልፈሰሰበት፥ ነገር ግን እኛ እስከምናውቀው ድረስ ከሁሉ የሚከብደው የሞት ምርመራ ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዱካዎች ናቸው። በአመድ ላይ እንዳለው ዱካ ያሉ። እ.ኤ.አ. በ1843 የኢትዮጵያን መጻሕፍት በመሰብሰብ የታወቀው አንቷን ዳባዲ ወደ ካፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ ለማምጣት ከሚሄዱ የሊሙ እናርያ ንጉሥ መልእክተኞች ጋር ተቀላቅሎ ቦንጋ ገባ፤ ጥቂት ቀን ብቻ ቈይቶ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1859 ደግሞ በእኛ አገር አቡነ መስያስ የሚባሉት የካፑቺን መነኩሴ ጉሊኤልሞ ማሳያ ካፋ ደረሱ፤ በ1861 ተባረሩ። እርሳቸውም በአሥራ ሁለት ጥራዝ ባሳተሙት ማስታወሻቸው የጥንት ክርስትና ትራፊ የሆነ ልማድ የያዙ፥ ትምህርቱና ምሥጢራቱ ግን ከእጃቸው የወጡባቸው ሰዎች እንዳገኙ ጽፈዋል። እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢያችን የካቶሊክ ምስክርነት አንቀበልም ይሉን ይሆናል። መርማሪ እንዲህ አይልም። ምስክሩ ምን ይፈልግ እንደ ነበረ ይጠይቃል፤ ማሳያ ይህን ሕዝብ ወደ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ማምጣት ይፈልጉ ነበርና ድካሙን ማጋነን ይጠቅማቸዋል፤ ይህን እያሰበ ቃላቸውን ይመዝናል እንጂ አይጥለውም። እ.ኤ.አ. በ1905 የመጣው ኦስትርያዊው ፍሪድሪክ ቢበርም ስለ ካፋ በሁለት ጥራዝ ጽፎ ትቶልናል። እርሱ ግን የደረሰው ከመንግሥቱ ውድቀት በኋላ ነው፤ ያነጋገራቸው ሰዎች ስለ ፈረሰ ቤት የሚናገሩ ነበሩ።

ሌላው ዱካ በየዓመቱ በመስከረም ከደጃችን የሚያልፈው ነው። የካፋ ሕዝብ ዘመን መለወጫውን ማሽቃሬ ባሮ ብሎ በቦንጌ ሻምበቶ ሲያከብር የቦንጋ ሰው ሁሉ ያያል። ማሽቃሮ የሚለውን ቃል ከመስቀል ጋር የሚያዛምዱት ሊቃውንት አሉ። ነገሩም በክረምት መውጫ፥ በመስከረም ወር ይውላልና ለዚህ ያግዛል። ዳሩ ግን የክረምቱን መውጣትና የእህሉን መድረስ የማያከብር ገበሬ በየት አገር ይገኛል? በዓሉ ከመስቀል በፊት ኖሮ የመስቀልን ስም ብቻ ተቀብሎ ሊሆን ይችላል፤ የመስቀል በዓል ራሱ ካህኑን አጥቶ ወደ ደስታና ወደ ምርቃት ተለውጦም ሊሆን ይችላል። ያው ዱካ ወደ ሁለት መንገድ ይመራል። ጥሩ ደራሲ እዚህ ላይ አይቸኩልም።

ተጠርጣሪውስ ማን ነው? ቶሎ የሚፈርድ ሰው መንገዱን የዘጉት ሊሙዎች ናቸው ይላል። ሌላው ኬላውን የቈለፉት ታቶዎች ናቸው ይላል። ሦስተኛው፥ በተለይም የእኛ ቤት ሰው፥ ኤቆ በሚባለው መንፈስ የሚናገሩት አላሞዎች ሕዝቡን ወሰዱት ይላል። እኛ ግን በልጅነታችን የተማርነውን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስናገላብጥ አንድ አራተኛ ተጠርጣሪ አገኘን። መንገዱ ሲዘጋ፥ መብራቱም በካፋ ሲጠፋ፥ ጐንደር ምን ይሠራ ነበር? ቅባትና ተዋሕዶ፥ በኋላም ጸጋ እየተባለ ሊቃውንቱ ይካሰሱ፥ ገዳም ከገዳም ይጣላ ነበር። ጉባኤ ያለ ማቋረጥ ይጠራ ነበር፤ ነገሩ የተቈረጠው በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ነው። ስለ ሃይማኖት ቀናነት መከራከር ተገቢ መሆኑን አንክድም፤ እኛም በዚያው ተዋሕዶ ጸንተናል። ነገር ግን ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሲቀጥል ከጎጀብ ማዶ ቄስ የሞተበት ሕዝብ ነበር። በሶስና ታሪክ ፈራጆቹ ራሳቸው እንደ ተጠየቁ፥ በዚህም ታሪክ ፈራጆቹ መጠየቅ አለባቸው እንላለን። በደለኛ ናቸው ማለታችን አይደለም። ይጠየቁ ማለታችን ነው።

ከዚያም ሁለተኛው ማዕበል መጣ። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር፥ ሌሎች መኳንንትና የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር እየረዱት፥ ካፋን ከበበ፤ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በደን ሲሸሹ ቈይተው በመስከረም ወር 1890 ዓ.ም. ተያዙ። መንደር ተቃጠለ፥ ሕዝብ አለቀ፥ ብዙ ሰው በባርነት ተነዳ። የቦንጋ ገበያ ከዚያም በፊት ባሪያ ይሸጥበት እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ ሆኖም ይህ ያንን አያቀልለውም። ካህኑም የመጣው ያን ጊዜ ነው። ሕዝቡ ለረጅም ዘመን ያጣው ካህን መጣ፤ የመጣው ግን ከጠመንጃው ጐን ነበር። የዚህን ነገር ክብደት በተለይ ለልጆቻችን መሸሸግ የለብንም። በየሰበካችን የምንቀድስባቸው አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ የተተከሉ ናቸው፤ ዛሬ በውስጣቸው የካፋ ልጆች በገዛ ፈቃዳቸው ያገለግላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ያም እውነት ነው።

እንግዲህ የሚጽፍ ከተገኘ መርማሪው ማን ሊሆን እንደሚገባ የሚመስለንን እንናገር። በ1890 ዓ.ም. ከጦሩ ጋር የመጣ ወጣት ዲያቆን ይሁን። አለቃው፥ በዚህ አገር ጥንት ቤተ ክርስቲያን ነበረ ይባላልና ቦታውን ፈልግ ብሎ ይላከው። አገሩን አያውቅም፤ ቋንቋውን አያውቅም፤ አስተርጓሚው በምርኮ የተያዘ ሰው ነው፤ የሚጠይቃቸውም ሰዎች ትናንት ቤታቸው የተቃጠለባቸው ናቸው። ከእነርሱ መካከል የቦታውን ምሥጢር የሚያውቅ አለ፤ ነገር ግን ለዚህ ዲያቆን ለምን ይነግረዋል? መጽሐፉ በሙሉ በዚህች ጥያቄ ላይ ሊቆም ይችላል። ዲያቆኑ ዝምታውን እንደ ክህደት ይቈጥረዋል በመጀመሪያ። ቈይቶ ግን ያ ዝምታ ራሱ ነገሩን ያኖረ ዕቃ ቤት እንደ ነበረ ይገባዋል።

መጽሐፉን የምንመልስበት ቀን ሲደርስ ለልጅቱ አንድ ሥራ ሰጠናት። የአባቷ እናት ከጥንት የካፋ ቤተ ሰብ የተወለዱ ናቸውና፥ ማሽቃሮን ማን እንዳስተማራቸው ጠይቃ በደብተር እንድትጽፍ አዘዝናት። በሳምንቱ ደብተሩን አመጣች። «ማን አስተማረዎት?» ብላ ጽፋለች፤ «እናቴ» ብለዋታል። «እርሳቸውንስ?» ብላለች፤ «እናታቸው» ብለዋታል። ልጅቱ አላቆመችም፤ በገጹ ላይ «እናት» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ተጽፎ አየን። ከአራተኛው በታች አያቲቱ «አንቺ ልጅ፥ ይህን ለምን ትጽፊዋለሽ? ማን ላከሽ?» እንዳሏት በቅንፍ ጽፋለች። ይህች ጥያቄ ከመልሱ ሁሉ ይልቅ ወደ ደራሲው ሥራ የምታቀርብ መስላ ታየችን፤ ልጅቱንም ተመልሳ እውነቱን እንድትነግራቸው ላክናት።

አባትየውን በተመለከተ ፍርዳችንን ነገርናቸው፤ ስለ ሶስናም፥ ስለ አመዱም አወራናቸው። ዝም ብለው አዳመጡ። በመጨረሻ መጽሐፉን አንሥተው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ለመሆኑ ያን ሰውዬ የገደለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም አንናገርም አልን። አሁን መዝገበ ቃላት አጠገባቸው አስቀምጠው በየማታው ሁለት ሁለት ገጽ ይገፋሉ ይባላል፤ ልጅቱም አባቷ እስኪጨርሱ ተራዋን ትጠብቃለች።